ከባሌ ዳንስ እስከ ሮተርዳም፦ የከተማችን ልጅ ኤደን አለነ



ቂርያት ጋት ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ በዘፈን ታሪክ ግን ስሟ ደጋግሞ ተነሥቷል። በ2003 የመጀመሪያውን የ«ኮኻቭ ኖላድ» ውድድር ያሸነፈችው ኒነት ታየብ የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ከኛው ኤዳ አንዲት ልጅ ብቅ አለች፤ ኤደን አለነ።

ኤደን በ2000 ኢየሩሳሌም ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ አሊያ ያደረጉ ናቸው። በኋላም ወደ ቂርያት ጋት መጣች። ትምህርቷን የጀመረችው በማይክ አይደለም፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ ለዓመታት የተማረችው ባሌ ዳንስ ነው። በጃንዋሪ 2018፣ ገና በ17 ዓመቷ፣ በቴሌቪዥን የ«ኤክስ ፋክተር» አሸናፊ ሆነች። በፌብሯሪ 2020 ደግሞ «ሃኮኻቭ ሃባ»ን አሸንፋ እስራኤልን በዩሮቪዥን እንድትወክል ተመረጠች። ከኢትዮጵያ ወገን ለዚህ የበቃ ከሷ በፊት ማንም አልነበረም።

የተመረጠላት ዘፈን «ፍቅር ልቤ» ይባላል፤ ርዕሱ አማርኛ ነው። ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይኸል ያዘጋጁት ሲሆን አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይቀላቀሉበታል። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በማርች 18 ቀን 2020 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ዘፈን ብቻ ስለተፈቀደ፣ «ፍቅር ልቤ» ውድድሩ መድረክ ላይ ሳይሰማ ቀረ።

ኤደን ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በሜይ 2021 «ሴት ሚ ፍሪ» የተባለውን አዲስ ዘፈን ይዛ ሮተርዳም ወጣች። እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ አውጥታ ብዙውን ሰው አስደነቀች። ከ39 አገሮች ለፍጻሜ የደረሱት 26 ብቻ ነበሩ፤ እሷም አንዷ ነበረች። በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች።

«17ኛ ምኑ ያኮራል?» የሚል አይጠፋም። አንደኛ አልወጣችም፣ እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ዘፈኗን አጥታ እንደገና ከዜሮ መጀመር ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ሁግ ልግባ» ሲላችሁ «ምን ይጠቅምሃል?» ለማለት አትቸኩሉ። የኤደንም መንገድ የጀመረው ከልጆች ዳንስ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እናንተም ወጣቶች፣ እናት በአማርኛ ስትጠራችሁ በዕብራይስጥ ብቻ አትመልሱ። ያ ቋንቋ አገር ለሚወክል ዘፈን ርዕስ ሆኗል፤ እቤት ውስጥ ካልተነገረ ግን መድረክ ብቻውን አያቆየውም።