የአፍሪካ የደን ዝሆን

የአፍሪካ የደን ዝሆን (ሎክሶዶንታ ሳይክሎቲስ) በመካከለኛውና በምዕራብ አፍሪካ የዝናብ ደኖች፣ በተለይም በኮንጎ ተፋሰስ የሚኖር የዝሆን ዝርያ ነው። በባቢሌና በኦሞ የምናውቀው የሳቫና ዝሆን ንዑስ ዝርያ ተደርጎ ሲቆጠር ቆይቷል፤ የዘረመል ጥናት ግን ሁለቱ ከተለያዩ ሚሊዮኖች ዓመታት እንዳለፉ አሳየ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2021 እ.ኤ.አ. ለብቻው ሲመዘግበው ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተራ አስገብቶታል። ቁጥሩ በ31 ዓመታት ውስጥ ከ86 በመቶ በላይ አሽቆልቁሏል።

ከሳቫናው ዝሆን አነስ ያለ፣ ጆሮው ክብ፣ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ያዘቀዘቀ ነው። እናት ከልጆቿ ጋር በትንንሽ ቡድን ትጓዛለች። ዋነኛ ምግቡ ቅጠል፣ ልጥና ፍራፍሬ ሲሆን፣ የዋጠውን ዘር በፋንድያው ይዞ ከእናት ዛፉ ብዙ ኪሎ ሜትሮች አርቆ ይጥለዋል። ኦምፋሎካርፐም የተባለው ዛፍ ፍሬው ከግንዱ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል፤ ወፍራም ቅርፊቱን ሰብሮ ዘሩን የሚያሰራጭለት ዝሆን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የሚገኘው ዛንጋ ባይ የተባለ ገላጣ ስፍራ፣ ለአካባቢው ዝሆኖች ለከብት እንደ ሆራ ያለ ነው። ኩምቢያቸውን አሸዋው ውስጥ አጥልቀው በእስትንፋሳቸው ጉድጓድ ይከፍቱና ከሥር የሚፈልቀውን ማዕድናማ ውሃ ይስባሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አንድሪያ ተርካሎ ከ1990 ጀምሮ ከ20 ዓመታት በላይ እዚህ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን ዝሆን በጆሮው ቅዳጅና በጥርሱ ቅርጽ እየለዩ መዝግበዋል። ከመዝገባቸው የወጣው እውነት ከባድ ነው፦ ሴቷ በአብዛኛው የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በ23 ዓመቷ ገደማ ሲሆን፣ ቀጣዩን ለመውለድ አምስት ስድስት ዓመት ትቆያለች። በዚህ ፍጥነት ቁጥሩ በእጥፍ ለማደግ 60 ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ የዛሬ ጥፋት በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም ማለት ነው። በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ታጣቂዎች ወደዚሁ ስፍራ ገብተው 26 ዝሆኖችን ገደሉ።

ገዳዩ የጥርስ ንግድ ነው። ዓለም አቀፉ ንግድ በ1989 ቢታገድም አደኑ አልቆመም። በሰሜን ምሥራቅ ጋቦን በሚንኬቤ ብሔራዊ ፓርክ ከ2004 እስከ 2014 ድረስ 80 በመቶ ያህሉ፣ ወደ 25,000 ዝሆን ጠፍቷል። ያም ሆኖ ከቀሩት የሚበዙት በጋቦን ናቸው። ደኑ ከአየር ለመቁጠር ስለማይመች፣ ከፋንድያ በተወሰደ ዘረመል ተቆጥረው በ2021 ይፋ የሆነው የጋቦን ዝሆኖች ቁጥር 95,000 ገደማ ነው።

ጥይት ያልደረሰበትም ዝሆን ችግር አልጎደለበትም። በጋቦን ሎፔ ብሔራዊ ፓርክ ከ1986 ጀምሮ በተደረገ ክትትል የዛፎች ፍሬ የመስጠት ዕድል በእጅጉ ቀንሷል፤ ከ2008 ወዲህ ዝሆኖቹ እየከሱ መሄዳቸውም በፎቶግራፍ ተረጋግጧል። አጥኚዎቹ የአየር ንብረት ለውጥን ይጠረጥራሉ። በደኑ ዳር ያሉ ገበሬዎች ደግሞ ሙዝና ካሳቫቸው በአንድ ሌሊት ሲወድም ያያሉ፤ ምሬታቸውም ተገቢ ነው። ፓርክ ጠባቂዎችን ብቻ ማብዛት ይህን አይፈታም። ስለዚህ የጋቦን መንግሥት በአንዳንድ መንደሮች ማሳውን በኤሌክትሪክ አጥር ማጠር ጀምሯል።