ወባና ማጭድ መሳዩ ደም

ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲነሳ ወሬው ወዲያው ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ወደሚደረገው ክርክር ይሄዳል። ዛሬ ወደዚያ አንገባም። በማይክሮስኮፕ የታየ፣ በቁጥር የተለካ፣ ብዙ ቤተሰብ ያስለቀሰ አንድ የደም ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ይህን ታሪክ የተረዳ ሰው «ጂን»፣ «ሚውቴሽን»፣ «የተፈጥሮ ምርጫ» የሚባሉት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ይገባዋል። ትዳር የሚያስብ ወጣት ደግሞ ለራሱ የሚጠቅም ነገር ያገኝበታል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቺካጎ፣ 1904

በ1904 ዋልተር ክሌመንት ኖኤል የተባለ ወጣት ከካሪቢያኗ ግሬናዳ ደሴት ተነስቶ የጥርስ ሕክምና ለመማር ቺካጎ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታምሞ ሆስፒታል ተኛ። ተለማማጁ ሐኪም ኧርነስት አይረንስ ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ክብ መሆን ከሚገባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት መካከል ቀጫጭንና እንደ ማጭድ የቆለመሙ አገኘ። አለቃው ዶክተር ጄምስ ሄሪክ ጉዳዩን ተከታትሎ በ1910 ጽፎ አሳተመው። ኖኤል ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የጥርስ ሐኪም ሆኖም ሠራ። በ1916 በሳንባ ምች ሞተ። ገና 32 ዓመቱ ነበር።

በ1922 ቨርን ሜሰን የተባለ ሐኪም በሽታውን «ሲክል ሴል አኒሚያ» አለው። ማጭድ በሚመስል የደም ሕዋስ ምክንያት የሚመጣ የደም ማነስ ማለት ነው። የቆለመመው ሕዋስ ቀጭን የደም ሥር ውስጥ ይሰነቀራል። ደም ያልደረሰው የሰውነት ክፍልም በኃይል ያማል። ሕዋሱ ቶሎ ስለሚሞት ደግሞ ደም ያንሳል።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የታወቁት ሕሙማን አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች «የጥቁር ደም በሽታ» አደረጉት። አንድ ነጭ ሰው ላይ ሲገኝ «ከዘር ማንዘሩ ጥቁር ደም ተቀላቅሎበታል» ብለው እስከ መጠርጠር ደረሱ። ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ መከራከሪያ ያደረጉትም ነበሩ። ስለ ደም ያልተሟላ እውቀት ሰውን ለማዋረድ እንዴት እንደሚውል እዚህ ላይ ልብ እንበል።

ከእናትም ከአባትም

በ1949 አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ኒል፣ በዛሬዋ ዛምቢያ ደግሞ ቢት የተባለ ሐኪም፣ ሳይመካከሩ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። እያንዳንዳችን የዚህን ጂን ሁለት ቅጂ እንይዛለን፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። አንድ የተለወጠ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው «ተሸካሚ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ ላያውቀው ይችላል። የተለወጠውን ቅጂ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ግን ይታመማል።

ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ በሽተኛ የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከ4 ሁለት፣ ፈጽሞ ነጻ የመሆን ዕድሉ ደግሞ ከ4 አንድ ነው። አንዱ ልጅ ታመመ ማለት የሚቀጥሉት ሦስቱ ይድናሉ ማለት አይደለም። ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጣላል።

በዚያው በ1949 ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ ችግሩ ያለው ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ መሆኑን አሳዩ። በ1956 ደግሞ ቬርነን ኢንግራም ቦታውን አገኘው። ቤታ የሚባለው የሄሞግሎቢን ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ስድስተኛው ብቻ ተለውጧል፤ ግሉታሚክ አሲድ መኖር ባለበት ቦታ ቫሊን ተቀምጧል። ሚውቴሽን የሚባለው በጂኑ ላይ የሚደርሰው እንዲህ ያለ ለውጥ ነው። አንድ ፊደል ሲሳሳት የቃሉ ትርጉም እንደሚለወጥ ማለት ነው።

የሒሳቡ እንቆቅልሽ

በ1908 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሃርዲና ጀርመናዊው ሐኪም ዋይንበርግ፣ አሁንም ሳይመካከሩ፣ አንድ ቀላል ሕግ አወጡ። በአንድ ሕዝብ ውስጥ ካሉት የጂኑ ቅጂዎች ከ100ው 10ሩ የተለወጡ ናቸው እንበል። ከ100 ሰው 81ዱ ነጻ፣ 18ቱ ተሸካሚ፣ 1ዱ በሽተኛ ይሆናል። ጣልቃ የሚገባ ነገር ከሌለ ይህ መጠን ከትውልድ ትውልድ አይለወጥም።

እዚህ ግን ጣልቃ የሚገባ ነገር አለ። ሕክምና በሌለበት ዘመን በሽታው ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሳይደርሱ ይሞቱ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ሲሞት ሁለት የተለወጡ ቅጂዎች አብረውት ይቀበራሉ። ስለዚህ ጂኑ እየቀነሰ መሄድ ነበረበት። ታዲያ በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች ተሸካሚዎች ከ100 ሰው ከ20 በላይ የሆኑት ለምንድን ነው?

መልሱን ያገኘው ኬንያ ውስጥ ያደገው አንቶኒ አሊሰን ነው። በ1949 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጉዞ ጋር ሄዶ በኬንያ የተለያዩ አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎችን ደም መረመረ። በባሕሩ ዳርቻና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ተሸካሚው ብዙ ነው፤ በደጋው ግን ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ከቋንቋና ከጎሳ ይልቅ ከአንድ ነገር ጋር ይሄዳል፦ ከወባ!

ሐሳቡን ለመፈተን 15 ተሸካሚና 15 ተሸካሚ ያልሆኑ ፈቃደኛ ሰዎች በወባ እንዲያዙ ተደረገ። ሰውን ሆን ብሎ በወባ ማስያዝ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያስነሳ ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ካልተሸካሚዎቹ 14ቱ ሲያዙ ከተሸካሚዎቹ የተያዙት 2 ብቻ ናቸው። አሊሰን ሥራውን በ1954 አሳተመ።

እንቆቅልሹ ተፈታ። ወባ ባለበት ቆላ ሁለት የተለወጠ ቅጂ ያለውን ልጅ የደም በሽታው ይገድለዋል። ምንም የሌለውን ወባ ያሰጋዋል። አንድ ብቻ ያለው ከሁለቱም የተሻለ ዕድል አለው፤ ያድጋል፣ ይወልዳል፣ ጂኑንም ያወርሳል። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይህ ነው። ግለሰቡ አልተለወጠም፤ ሲወለድ የነበረውን ደም ይዞ ኖረ። የተለወጠው በሕዝቡ ውስጥ ያለው የጂኑ መጠን ነው።

ጂኑ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? መልሱ እንደ አገሩ ነው። እኛ አገር ወባ የሚበዛው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው መሬት ላይ ነው። ወባ በሌለበት ደጋ ተሸካሚ መሆን ምንም ጥቅም የለውም። በአሜሪካም ዛሬ ወባ የለም፤ ግን ከሚወለዱ 13 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት አንዱ ተሸካሚ ነው። ጂኑ በጤነኛ ተሸካሚዎች ውስጥ ተደብቆ ስለሚተላለፍ ምክንያቱ ቢጠፋም እሱ ቶሎ አይጠፋም።

ከቴምር ጥላ ሥር

ይህ ጂን የጥቁር ሕዝብ ብቻ አለመሆኑም በኋላ ታወቀ። በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በሕንድና በዓረቢያ ምድርም ይገኛል። በምሥራቅ ሳዑዲ ዓረቢያ በቀጢፍና በአል አሕሳ በብዛት ይታያል። ውሃና ቴምር የሞላባቸው እነዚህ አካባቢዎች ድሮ የወባ ትንኝም ነበራቸው። በ2018 ሽራይነርና ናይጄሪያዊው ቻርለስ ሮቲሚ ባሳተሙት ጥናት የጂኑ ምንጭ አንድ እንደሆነና ከ7,300 ዓመት በፊት ገደማ እንደተነሳ ተከራክረዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ተነስቷል ይላሉ።

የአጎት ልጅ ማግባት በተለመደበት አካባቢ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ድብቅ ጂን የመያዝ ዕድላቸው ይጨምራል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2004 ከኒካህ በፊት የደም ምርመራን ግዴታ ያደረገችው የዚህን ዓይነት የደም በሽታ ለመቀነስ ነው። ሕጉ ጋብቻውን አይከለክልም፤ ውጤቱ ለጥንዶቹ ይነገራል፣ ውሳኔው የራሳቸው ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ሆነው ከተገኙት ጥንዶች መካከል በ2004 ጋብቻውን የተዉት 9.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2009 ግን 51.9 በመቶ ደረሱ።

ወንድሞችና እህቶች! ልጅ ሲታመም እናቲቱን «ደምሽ ነው» ብሎ መውቀስ በብዙ ቤት አለ። ሳይንሱ ግን በሽታው እንዲመጣ ከአባትም ከእናትም እኩል ድርሻ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ተሸካሚ መሆንም ነውር አይደለም፤ ያ ጂን የስንቱን ሕፃን ሕይወት ከወባ አትርፏል። ደግሞም ተሸካሚ ነኝ ብሎ አጎበር መተው አያዋጣም፤ ጥበቃው ሙሉ አይደለም።

በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ፣ ሽምግልና ከመላኩ በፊት ሐኪም አማክሩ። ምርመራው «ሄሞግሎቢን ኤሌክትሮፎረሲስ» ይባላል። ከአንድ የደም ናሙና መልስ ይገኛል። ቀለበት ከታሰረና ድግስ ከተደገሰ በኋላ ከመጨነቅ፣ በሰላሙ ጊዜ አውቆ በጋራ መወሰን ይቀላል። ጽሑፉን ለታጩ ወዳጆቻችሁ አድርሱልን።