ወንበርና ምስክር፦ በቀለማቸው የተገፉ ወጣት ምሁራን በአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች

በአገራችን ነባር የትምህርት ሥርዓት ወንበር ማለት እንጨትና ጠፍር ብቻ አይደለም። አንድ የቅኔ ወይም የዜማ ሊቅ «ወንበር ተከለ» ሲባል፣ ከመምህሩ የተቀበለውን ለደቀ መዛሙርቱ የሚያስተላልፍበት ሥልጣን አገኘ ማለት ነው። ሆኖም ወንበር ብቻውን አይቆምም፤ ከጀርባው ምስክር አለ። ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ወርዶ ካልተመሰከረለት ዕውቀቱ ሙሉ ሆኖ አይቆጠርም። ስለዚህ «ወንበሩን ማን ያዘ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «መስካሪውስ ማን ነው?» የሚለው መምጣቱ የማይቀር ነው።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁሮችና ሌሎች በቀለማቸው የተገፉ ሕዝቦች ያፈሯቸው ወጣት ምሁራን ያካሄዱት ትግል፣ ሥረ ነገሩ ሲፈተሽ፣ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ዙሪያ የተሽከረከረ ሆኖ ይገኛል። ለመጀመሪያው ጥያቄ በከፊልም ቢሆን መልስ ተገኝቷል፤ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር የትምህርት ማዕረጉ ምንም ያህል ከፍ ቢል የሚያስተምርበት ቦታ የተወሰነ ነበር። በ1918 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና የዶክትሬት ማዕረግ የተቀበሉት አሌን ሎክ የማስተማር ዘመናቸውን ያሳለፉት በ1867 በተቋቋመውና በዋነኛነት ጥቁሮች በሚማሩበት በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለቅኔውና ሐያሲው ስተርሊንግ ብራውንም በዚያው ከ1929 ጀምረው 40 ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምረዋል። በሃርቫርድ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምረው ኋላ ወደ ሥነ ሰብእ ጥናት የተሻገሩት አሊሰን ዴቪስ በ1942 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲሾሙ ነገሩ እንደ ታላቅ እመርታ ተቆጠረ። ይሁን እንጂ ለሹመቱ መንገድ የጠረገው ሮዘንዋልድ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ደመወዛቸውን ለመደጎም መስማማቱ ነበር። ወንበሩ ተሰጠ፤ ግን እንደ እንግዳ ወንበር ነበር።

ከዚሁ ዘመን የአገራችንን ስም የሚያስነሣ አንድ ታሪክ አለ። ሊዮ ሃንስበሪ ከ1922 ጀምሮ በሃዋርድ የአፍሪካን ጥንታዊ ሥልጣኔ፣ በተለይም የኢትዮጵያንና የኑብያን ታሪክ ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የአሜሪካ ምሁራን አፍሪካ ታሪክ አላት ብለው ስለማያምኑ፣ ሃንስበሪ በገዛ አገራቸው ለረጅም ዘመን ተገቢውን ክብር ሳያገኙ ኖሩ። በ1964 ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአፍሪካ ጥናት ላበረከቱት አስተዋፅኦ ሸለማቸው። ወንበራቸው ዋሽንግተን ነበር፤ ምስክርነቱ የመጣላቸው ግን ከአዲስ አበባ ነው።

የ1960ዎቹ የሲቪል መብት ትግል ይህን የቆየ ሥርዓት ነቀነቀው። ነገሩ ፈጦ የወጣው በካሊፎርኒያ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ነው። ኖቬምበር 6 ቀን 1968 የጥቁር ተማሪዎች ኅብረትና የሦስተኛው ዓለም ነፃ አውጪ ግንባር የተባሉት የተማሪዎች ማኅበራት የትምህርት ማቆም አድማ መቱ። ቁጣውን ያቀጣጠለው የእንግሊዝኛ መምህርና የጥቁር ፓንተሮች ፓርቲ አባል የነበረው ጆርጅ መሪ ከሥራ መታገዱ ነበር። በጃንዋሪ 1969 የመምህራኑ ማኅበር አድማውን ተቀላቀለ። ፖሊስ ግቢውን ወረረ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። አድማው የተፈጸመው ከአራት ወር ከግማሽ ገደማ በኋላ በማርች 1969 ነው።

ተማሪዎቹ ያቀረቧቸው 15 ጥያቄዎች ዛሬም በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። ለሚቋቋመው የብሔረሰቦች ጥናት ትምህርት ቤት 50 የመምህርነት ቦታዎች እንዲመደቡ፣ ከእነዚህም 20ዎቹ ለጥቁር ሕዝቦች ጥናት እንዲሆኑ ጠየቁ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ናታን ሄር ሙሉ ፕሮፌሰርነት እንዲሰጣቸውም ጠየቁ። ከሁሉ የከበደው ግን የክፍሉ መምህራን ራሳቸው መምህር የመቅጠርና የክፍላቸውን ዕጣ የመወሰን ብቸኛ ሥልጣን ይኑራቸው የሚለው ነበር። ወጣቶቹ ነገሩን ከሥሩ ተረድተውታል፤ ወንበር ብቻ ሳይሆን ምስክርነቱም በእጃችን ይግባ ማለታቸው ነበር።

በዚያው ዓመት የብሔረሰቦች ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ይህም በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ባለቅኔዋ ሶንያ ሳንቼዝን የመሳሰሉ የጥበብ ሰዎች በጥቁር ሕዝቦች ጥናት የመጀመሪያ መምህራን ከነበሩት ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን ጆርጅ መሪ ወደ ሥራው አልተመለሰም፤ ናታን ሄርም የታገሉለትን ወንበር ሳይቀመጡበት ከኮሌጁ ተሰናበቱ። ቤቱ ሲሠራ አናጢው ከደጅ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የጥቁር ሕዝቦች ጥናት ክፍሎች በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፉ። ሃርቫርድ በ1969 ክፍሉን ሲከፍት በኃላፊነት የሾማቸው ኤዋርት ጊኒየርን ነበር። እኚህ ሰው በ1929 ተማሪ ሆነው ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ በገቡ ጊዜ በተማሪዎች ማደሪያ እንዳይኖሩ የተከለከሉ ነበሩ። የ40 ዓመቱን ርቀት ለለካ ሰው ሹመቱ ትልቅ ድል ነው። ዳሩ ግን ክፍሉ ከተከፈተ 20 ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ፣ በ1990 ቋሚ ሹመት ያለው አንድ ፕሮፌሰር ብቻ ቀርቶት ተማሪዎች ተቃውሞ አሰሙ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ምሥጢሩ ያለው በሹመቱ አሠራር ላይ ነው። በአሜሪካ ወጣቱ ምሁር አብዛኛውን ጊዜ በረዳት ፕሮፌሰርነት ይቀጠራል። ስድስት ዓመት ያህል ካስተማረና ከጻፈ በኋላ ነባሮቹ ፕሮፌሰሮች በድምፅ ይፈርዱበታል። ከጸደቀለት በቀላሉ የማይነቀል ቋሚ ሹመት ያገኛል፤ ካልጸደቀለት ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። እንግዲህ ስለ ሕዝቡ ሥነ ቃልና ሥነ ጽሑፍ የጻፈ እንደ ሆነ ፈራጆቹ «ርእሱ ጠባብ ነው» ይሉታል፤ ጽሑፉ የወጣበትንም መጽሔት አያነቡትም። ስለ ሌላ ጉዳይ የጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ «ታዲያ ለምን ተቀጠረ?» ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ላይ በየኮሚቴው የሕዝቡ እንደራሴ ሆኖ መቀመጥ፣ የባይተዋር ተማሪዎችን ብሶት ማዳመጥ የእርሱ ድርሻ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰዓቱን ይበላል፤ በፍርዱ ቀን ግን አይቆጠርለትም።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» እንደሚባለው፣ በምሁሩ ላይ የሚደርሰው መገፋት በሚያጠናው ሥነ ጽሑፍ ላይ ካለው ንቀት ይጀምራል። ለዚህ ከአሜሪካ ውጭ አንድ ጉልህ ማስረጃ አለ። ናይጄሪያዊው ተውኔት ደራሲ ወሌ ሾይንካ በ1973 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ስለ አፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ተከታታይ ንግግር ሊያደርጉ በተዘጋጁ ጊዜ የእንግሊዝኛ ክፍሉ አላስተናገዳቸውም፤ ንግግሩን ያስተናገደው የሥነ ሰብእ ክፍል ነው። የአንድ አህጉር ኪነት እንደ ኪነት ሳይሆን እንደ ልማድ ጥናት ተቆጠረ። እኚሁ ደራሲ በ1986 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሸለሙ።

በዚያን ጊዜ በካምብሪጅ ከሾይንካ ይማሩ ከነበሩት አንዱ ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ የተባሉ ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ጌትስ ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በየል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቋሚ ሹመት ሳይሰጣቸው ቀረ፤ በ1985 ወደ ኮርኔል ተሻገሩ። በ1991 ያንን የተዳከመ የሃርቫርድ ክፍል እንዲመሩ ተጠርተው እንደ ገና አቋቋሙት። ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡት ባርባራ ክርስቲያንም በ1978 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ቋሚ ሹመት በማግኘት ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነዋል። እርሳቸው በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ የጥቁር ሴት ልብ ወለድ ደራሲዎችን በሙሉ መጽሐፍ አጠኑ፤ በዚህም «ርእሱ ጠባብ ነው» ለሚሉት መልስ ሰጡ። ሁለቱም የራሳቸውን ወንበር ብቻ አልጠበቁም፤ ተከታዮቻቸው የሚመሰከርላቸውን የሂስ መመዘኛ ሠርተው አቆዩ።

ኢትዮጵያውያን የጥበብ ሰዎችም ከዚሁ ታሪክ ተካፋዮች ናቸው። ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሥዕል አስተምረዋል። የፊልም ደራሲና አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተምረው፣ ከ1975 ጀምሮ በዚያው በሃዋርድ አስተምረዋል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልማቸው በ1976 ለሕዝብ ቀርቧል። ሃዋርድ ለእነዚህ ሰዎች የመጠለያ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ የአፍሪካ ኪነት ማስረጃ ሳይጠየቅ ኪነት ተብሎ የሚታወቅበት የምስክር ቤት ነበር።

በመንግሥትና በድርጅቶች በኩል ምልመላውን ለማገዝ የተደረጉ ጥረቶች አሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1984 አዲስ ዶክተሮችን ለመምህርነት የሚያዘጋጅ የምርምር ድጋፍ አቋቋመ። የሜሎን ድርጅት በ1988 ተማሪዎችን ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሳሉ ወደ ዶክትሬት የሚመራ ዕቅድ ጀመረ። ሁለቱም ፍሬ አፍርተዋል። በተቃራኒው በ1996 የካሊፎርኒያ መራጮች ያጸደቁት ሕግ በመንግሥት ቅጥር ዘርን ግምት ውስጥ ማስገባትን ከለከለ፤ በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተማሪዎች ቅበላ ዘር እንዳይታይ ወሰነ፤ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቴክሳስ ሕግም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የተቋቋሙትን ጽሕፈት ቤቶች አዘጋ። በ2022 በአገሪቱ ከነበሩት የሙሉ ጊዜ የከፍተኛ ትምህርት መምህራን ከ100 ወደ 70 የሚሆኑት ነጮች ሲሆኑ፣ ከሕዝቡ 13 በመቶ ያህል የሆኑት ጥቁሮች ከመምህራኑ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ወጣት ምሁርን መልምሎ ማስቀመጥ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ሥራውን የሚያነቡ፣ የሕዝቡን ቋንቋና ኪነት የሚያውቁ መስካሪዎች በጉባኤው ከሌሉ፣ የተሰጠው ወንበር በስድስት ዓመት ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ባዶነቱም በምሁሩ ድክመት ይሳበባል። የ1968ቱ ተማሪዎች የመቅጠርና የመወሰን ሥልጣንን ከወንበሩ ጋር አያይዘው የጠየቁት ይህን አስቀድመው ስላዩ ነው። ጥያቄያቸው ዛሬም የሚመለከተው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ዕውቀት ይዞ የመጣን ወጣት በአሮጌ ሚዛን የሚመዝን ጉባኤ በተገኘበት ሁሉ ይነሣል።