ፕሮግራምና የማለቂያው ቀን፤ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻዎች ታሪክ

«ፕሮግራም» የሚለው ቃል በአደባባይ ኑሯችን ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል። በሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ፕሮግራም አለ። በወላጆች ቀን መድረክ መሪው ከወረቀት እያየ የሚጠራው ተራ ፕሮግራም ይባላል። ሬዲዮ በተወሰነ ሰዓት የሚያሰማውም፣ የፖለቲካ ድርጅት ዓላማውን ዘርዝሮ የሚያወጣው ጽሑፍም፣ መንግሥት ለጤና ወይም ለእርሻ የሚነድፈው የሥራ ዕቅድም ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ቡና ሲጋበዝ ማምለጥ የፈለገ ሰው እንኳ «ፕሮግራም አለኝ» ይላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ጥንት ሰው ሁሉ እንዲያየው በአደባባይ የተጻፈ ማስታወቂያ ማለት ነበር። ከግእዝ ተዋቅሮ በምትኩ የምንሠራበት «መርሐ ግብር» ደግሞ ሥራን የሚመራ ማለት ነው። በሁለቱም አፈታት ፕሮግራም ሥራው ሳይሠራ በፊት የሚጻፍ ነገር ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ከተሠራ በኋላ የቀረውን ጭምር መመርመር አለበት።

በዚህ ጽሑፍ የምመለከታቸው በምሥራቅ አፍሪካ መምህራንና ተማሪዎች ዋና ሠራተኞች ሆነው የዘመቱባቸው የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራሞች ናቸው። የኢትዮጵያን ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የሌሎቹን በአውሮፓውያን (እ.ኤ.አ.) አስቀምጫለሁ። አስቀድሞ ግን ከትምህርት ውጭ የሆነ አንድ ፕሮግራም ለማነጻጸሪያ ላንሣ፤ ምክንያቱም የፕሮግራሞች ሁሉ አርአያ ተደርጎ ሲጠቀስ ስለሚሰማ ነው።

ይኸውም የፈንጣጣ ማጥፋት ፕሮግራም ነው። በኢትዮጵያ ሥራው የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ጥር ወር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተገኙ። መንገድ በሌለበት አገር ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ፣ የሕመሙን ምልክት የሚያሳይ ሥዕል ለመንደሩ ሰው እያሳዩ፣ ሕመምተኛ ሲገኝ በዙሪያው ያለውን ሁሉ እየከተቡ ዞሩ። የመጨረሻው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ በረሃማ ክፍል ነበር። በሽታው ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ ስለነበር ፍለጋው በዚያ ቀጠለ፤ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በመርካ ከተማ የሚኖር የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ሲሆን ጊዜውም ጥቅምት 1977 እ.ኤ.አ. ነው። እርሱም ዳነ። በ1980 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር የዓለም የጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ቢሮው ተዘጋ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ የተረፈ ሥራም አልነበረም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማለቂያ አለው፤ ማለቂያውም የሥራው ጠባይ የሰጠው ነው።

መሃይምነትም በዚያው ዘመን እንደ በሽታ ይታይ ነበር። «ማጥፋት» የሚለው ቃል ራሱ ከሕክምናው ሠፈር የተወሰደ ይመስላል። በ1965 እ.ኤ.አ. የትምህርት ሚኒስትሮች በቴህራን ተሰብስበው መሃይምነትን ስለማጥፋት መከሩ። ከዚያም በዩኔስኮ አማካይነት ከ1967 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. በአሥራ አንድ አገሮች የሙከራ ፕሮግራም ተካሄደ፤ ከእነዚህም ውስጥ ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ታንዛኒያ ይገኙበታል። የሙከራው ሐሳብ ማንበብንና መጻፍን ከሥራ ጋር ማያያዝ ነበር። ጥጥ የሚያመርት ጥጥ በሚለው ቃል ይጀምር፣ ዓሣ የሚያጠምድ ስለ መረቡ ያንብብ እንደ ማለት ነው። በተለይ በታንዛኒያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የተዘጋጁት መጻሕፍት በዚህ ረገድ የሚጠቀሱ ናቸው። ሙከራው ጠባብ ቢሆንም መንግሥታቱ ትምህርት ወስደውበታል፤ ሁሉም የወሰዱት ግን አንድ ዓይነት ትምህርት አልነበረም።

በአገራችን ተማሪን ወደ ገጠር መላክ የተጀመረው በአብዮቱ ጊዜ እንደሆነ ብዙ ሰው ያስባል። ነገር ግን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በአገልግሎት የማሳለፍ ግዴታ ነበረበት፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች በመምህርነት ነበር። ባለርስትና ጭሰኛ እንዴት እንደሚኖሩ በዓይኑ ያየው ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ ምን ይዞ እንደተመለሰ ከዚያ በኋላ ያለው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ታሪክ ይመሰክራል። ፕሮግራሙን ያቀዱት ሰዎች ይህን በወረቀታቸው ላይ አላሰፈሩትም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በይፋ ሲጀመር የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ተጠርተው ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በአገሪቱ ጣቢያዎች ተሠማራ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎችም ባዶ ሆኑ። በወረቀት ላይ የሰፈረው ሥራ ማንበብና መጻፍ ማስተማር፣ ጤና መጠበቅ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ መንገድ መጥረግ የመሳሰለው ነበር። ዘመቻው በተጀመረ በሁለት ወር ተኩል፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። በዚያች ቀን የዘማቹ ሥራ ተለወጠ። ፊደል ሊያስቆጥር የሄደው ወጣት አዋጅ አንባቢ፣ የገበሬ ማኅበር አደራጅ ሆነ። ከባለርስቱ ጋር ተጋጨ፣ ከፖሊስና ከአስተዳዳሪው ጋር ተጣላ። የሞቱ አሉ፣ ጥለው የተመለሱ አሉ፣ ወደ ጎረቤት አገር የተሰደዱም አሉ። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. አበቃ። የተከተለው የደም ዘመን ብዙዎቹን ዘማቾች ስለ በላ፣ ጣቢያዎቹ ላይ የተማረው ገበሬ ከዚያ በኋላ ምን እንዳነበበ ተከታትሎ የጻፈ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ለአንድ ፕሮግራም ሁለት ዓላማ ሲሰጠው፣ ድምፁ ከፍ ያለው ሌላውን እንደሚውጠው ከዚህ ይታያል።

በዚያው ዓመት ጎረቤታችን ሶማሊያም ተመሳሳይ ነገር አደረገች። የሶማሊ ቋንቋ ለብዙ ዘመን የጋራ ጽሕፈት አልነበረውም፤ አንዱ የዓረብን፣ ሌላው የላቲንን፣ ሌላው ደግሞ ኦስማኒያ የሚባለውን ፊደል ይደግፍ ነበር። ክርክሩ በጥቅምት 1972 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ውሳኔ በላቲን ተዘጋ። በመጀመሪያ የመንግሥት ሠራተኛውና ከተሜው እንዲማር ተደረገ። ከዚያም ከነሐሴ 1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከሃያ አምስት ሺህ በላይ ተማሪዎችና መምህራን ወደ አርብቶ አደሩ ዘንድ ተላኩ። መፈክሩ «ካወቅህ አስተምር፣ ካላወቅህ ተማር» የሚል ፍቺ ነበረው። ከግመል ጋር የሚንቀሳቀሰውን ቤተሰብ ለማስተማር ተማሪው ራሱ አብሮ መንቀሳቀስ ነበረበት፤ ጥቁር ሰሌዳውም አብሮት ይጓዛል። ነገር ግን የዚያ ዓመት ድርቅ እንደ ዘመቻው አስቦ አልመጣም። እንስሳቱ ሲያልቁ ቤተሰቡ ወደ እርዳታ ጣቢያ ተሰበሰበ፤ ዘማቹ ተማሪም እህል አዳይ፣ መዝጋቢና አስታማሚ ሆነ።

የሶማሊያው መንግሥት በ1991 እ.ኤ.አ. ወደቀ፤ ትምህርት ቤቶቹም አብረው ፈረሱ። ፊደሉ ግን አልፈረሰም። ዛሬ ሶማሊኛ የሚጻፈው በዚያው በ1972ቱ ፊደል ነው። ነጋዴው፣ ጋዜጠኛውና ስደተኛው በየዕለቱ ይጽፉበታል፤ የሚጻፍበት ጉዳይ ስላለ ለመኖር አስታዋሽ ዘመቻ አላስፈለገውም።

ታንዛኒያ የሄደችበት መንገድ ከሁለቱ ይለያል፤ በእኔ አስተያየት መምህራን በይበልጥ ሊያጠኑት የሚገባውም ይኸኛው ነው። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ራሳቸው መምህር ስለነበሩ ይሆናል፣ ትምህርት ቤት አልዘጉም። የጎልማሳው ትምህርት ከቀኑ ትምህርት ጎን ለጎን እንዲሄድ አደረጉ። በ1973 እ.ኤ.አ. «ምቱ ኒ አፍያ»፣ ሰው ማለት ጤና ነው እንደ ማለት፣ የሚባል ፕሮግራም ተካሄደ። እዚህ ላይ በመግቢያዬ የቆጠርኳቸው የፕሮግራም ዓይነቶች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው፣ የመንግሥት ፕሮግራም ነው፣ የትምህርት ፕሮግራምም ነው። መንደርተኛው በየሳምንቱ በቡድን ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ማንበብ የሚችለው ለቡድኑ የተዘጋጀውን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነብባል፤ ከዚያ ይወያያሉ፤ ተወያይተውም አይበተኑም፣ መጸዳጃ ይቆፍራሉ፣ የውሃ ምንጭ ያጸዳሉ፣ በቤታቸው ዙሪያ ያለውን ሣር ይመነጥራሉ። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደተሳተፈ ተመዝግቧል። ስርጭቱ በአሥራ ሁለት ሳምንት አበቃ፤ የተቆፈረው ጉድጓድ ግን ቀረ።

ከዚህ ጋር አብሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ሥራ ያስገኘውን ውጤት መንግሥቱ በፈተና ለካ። በ1967 እ.ኤ.አ. 67 ከመቶ የነበረው የመሃይማን ብዛት በ1975 ወደ 39 ከመቶ፣ በ1977 ወደ 27 ከመቶ ዝቅ እንዳለ ተገለጸ። ቁጥሩ የመንግሥት መሆኑን አንርሳ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚስበኝ ለአዲስ አንባቢ የታሰበው ነገር ነው፤ በየመንደሩ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፣ ገና ማንበብ ለለመደ ሰው ተብሎ «ኤሊሙ ሃይና ምዊሾ»፣ ትምህርት መጨረሻ የለውም የሚል ስም ያለው የገጠር ጋዜጣ በስዋሂሊ ይታተም ጀመር። ያ ጋዜጣ ስሙን የመረጠለት ሰው ነገሩ ገብቶታል። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲደክም ወረቀትና ገንዘብ አጠረ፤ የሚነበበው ነገርም አብሮ አጠረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከቀደመው ዘመቻ ሁለት ነገር የተማረ ይመስላል። አንደኛ፣ የተጀመረው በክረምት ዕረፍት ስለሆነ ለመምህሩና ለተማሪው ሲባል ትምህርት ቤት መዝጋት አላስፈለገም። ሁለተኛ፣ በዓመት ሁለት ዙር እየተባለ እንዲቀጥል ታቀደ። በጥቂት ቋንቋዎች ተጀምሮ አሥራ አምስት ደርሷል፤ ሁሉም የሚጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር። ሕዝቡ ደብተሩን፣ ኩራዙንና ጋዙን አዋጣ፤ ጎጆውን ሠራ። እናቶች ልጅ አዝለው ተማሩ። ሕፃን ልጅ አያቱን ሲያስተምር ማየት ያልተለመደ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ሁሉም በፍላጎቱ አልመጣም፤ በቀበሌና በገበሬ ማኅበር በኩል ጫና ነበረ፤ መጽሐፉም ፊደል ከማስቆጠር ባሻገር የመንግሥቱን ፖለቲካ ያስተምር ነበር። ያም ሆኖ ከዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማቶች አንዱ በ1980 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተሰጠ።

የዘመቻው ዕቅድ ግን ቀን ተቆርጦለት ነበር። ከተሞቹ በሦስት ዓመት ገደማ፣ ገጠሩ ደግሞ በስምንት ዓመት ገደማ ከመሃይምነት ነጻ እንዲሆኑ ታሰበ። የፈንጣጣው ነገር ይህን ጊዜ ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜ ክትባት የወሰደ ሰው ለዓመታት ይጠበቃል፤ አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው ግን ሳያነብብ ሦስት አራት ዓመት ቢቆይ ፊደሉ ይጠፋበታል። ዕቅድ አውጪዎቹ ይህን አላጡትም፤ የድኅረ መሠረተ ትምህርት መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፣ የንባብ ክፍሎችም ተከፍተዋል። ሆኖም የ1977ቱ ረሃብ፣ ጦርነቱና ሠፈራው የሰዉን ልብም የመንግሥቱንም ገንዘብ ወሰዱ። በዙር መጨረሻ የሚነገረው ሪፖርት ስንት ሰው የምስክር ወረቀት እንዳገኘ እንጂ ስንት ሰው አሁንም እንደሚያነብብ አልነበረም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ ያለውን ሕዝብ ሩብ ገደማ ሆኖ አገኘው፤ ቀደም ሲል በዘመቻው ዓመታት ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ማንበብ ችሏል ተብሎ ይነገር ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች የተለኩት በአንድ ዓይነት መንገድ ስላልሆነ ልዩነቱን ሁሉ የዘመቻው ውድቀት ማድረግ ትክክል አይመስለኝም። በአንጻሩ ግን ያ ሁሉ የምስክር ወረቀት የት ገባ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ምክንያት አለ። በዘመቻው ጊዜ ኦሮምኛን፣ ወላይትኛን፣ ሲዳምኛን በግእዝ ፊደል የተማሩ ጎልማሶች ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እነዚህ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። የፊደሉ ምርጫ የራሱ ምክንያትና ታሪክ አለው፤ እርሱን መመዘን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን በአርባ ዓመታቸው በኩራዝ ብርሃን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ማንበብ የተማሩ አንድ አባት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ሲገልጡ ቋንቋው የራሳቸው ሆኖ ሳለ ፊደሉን አያውቁትም። እኚህ አባት በቆጠራው ላይ የት እንደተመዘገቡ ማወቅ አይቻልም።

በማሠልጠኛችን እጩ መምህራን በየአካባቢያቸው ከእነዚህ ጎልማሶች በሕይወት ያሉትን እየፈለጉ ቃላቸውን እንዲመዘግቡ ማድረግ ጀምረናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራንም ከታሪክ ክፍለ ጊዜያችሁ ጋር ልታያይዙት ትችላላችሁ። ተማሪው የሚይዛቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ በስንተኛው ዙር ተማሩ? በየትኛው ቋንቋ? ያስተማረዎ ማን ነበር፣ የየት አገር ሰው ነበር? ከምስክር ወረቀቱ በኋላ መጀመሪያ ያነበቡት ነገር ምን ነበር? ወረቀቱ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሣጥን ይከፈታል፤ ስለዚህ ተማሪው ወረቀቱን መቅዳት እንዲችል ደብተርና እርሳስ አይርሳ።