መካኑ ማን ነው?

ልጅ ሲታጣ ፍርዱ ፈጣን ነው። በዳባትም ሆነ በወገራ «መካን» ተብላ ከትዳሯ የወጣች፣ ጓዟን ይዛ ጎንደር ከተማ የገባች ስንቷ ናት! ባልየውንማ ማን መርምሮት!

የሳይንስ ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። በፈረንጅ 1967 ፒተር ዎልፍ በደም ውስጥ ያገኘውን ደቃቅ ነገር «የፕላትሌት ብናኝ» አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የስዊድኑ ጉናር ሮንኩዊስትና ባልደረቦቹ በወንድ የዘር ፈሳሽ ውስጥም ደቃቅ ከረጢቶች አገኙ፤ ከፕሮስቴት ዕጢ ስለሚመነጩ ኋላ «ፕሮስታሶም» ተባሉ። እነሆ፣ ብናኝ የተባለው መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮቲን ተሸክሞ የወንዱን ዘር እንቅስቃሴ ይደግፋል። የሴቷም ማህፀን የራሱን ከረጢቶች ይልካል። ጽንስ እንግዲህ የሁለቱም ሥራ ነው።

ጎንደር በፈረንጅ ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ የምታሠለጥን ከተማ ናት። ታዲያ ዕውቀቱ ከከተማ ወጥቶ ደጋው ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው? ከፍርዱ በፊት ሁለቱም ይመርመሩ እንጂ!