መርዶ እና እጓለ ማውታ

በቀደመው ዘመን በሸዋም ሆነ በጎንደር፣ በጎጃምም ሆነ በወሎ፣ ሰው ከቤቱ ርቆ በዘመቻ ወይም በንግድ መንገድ የሞተ እንደ ሆነ፣ ወሬው ለቤተ ሰቡ እንደ ተገኘ አይነገርም ነበር፤ ቀድሞ የሰማው ዘመድ ወይም ጎረቤት ነገሩን በልቡ ይዞ፣ ሽማግሌዎቹንና የነፍስ አባቱን በስውር አማክሮ፣ ኀዘንተኛው እህል ቀምሶ ያደረበትን ሌሊት መርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ ከዘመድ አዝማድ ጋር ወደ ደጁ ይሄዳል። በሩ ሲከፈት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመው ይታያሉ፤ ያን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ አፉን ሳይከፍት ኀዘንተኛው ነገሩን ተረድቶ ይጮኻል። መርዶ የሚባለው ሥርዐት ይህ ነው። በምሽት አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ መንገድ ለጀመረ፣ ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ አይነገርም። የሚይዝ ክንድ፣ የሚያለቅስ ጎረቤት፣ ውሃ የሚያቀርብ እጅ ሳይዘጋጅ ክፉው ቃል እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ ነውና፣ እኔ ይህን ሥርዐት ከአባቶቻችን ጥበብ ሁሉ በላይ ባይሆን እንኳ ከበላዮቹ እንደ አንዱ እቈጥረዋለሁ።

ነገር ግን በዚያ ሌሊት ልጆቹ የት ነበሩ? ይህን ያህል የተጠነቀቀው ሥርዐት ስለ እነርሱ ያሰበው እጅግ ጥቂት ነው። ታናናሾቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ በጎረቤት ሴት ጀርባ ታዝለው ይወጡና፣ እናታቸው ሞታ እንደ ሆነ ጠበል ሄዳለች፣ አባታቸው እንደ ሆነ ከዘመቻ ገና አልተመለሰም ይባላሉ፤ ይህ ቃል በአንዳንድ ቤት ለወራት፣ በአንዳንዱም ለዓመታት ይቈያል። ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ራሱን ተላጭቶ፣ ከል የገባ ልብስ ለብሶ፣ ከአጎቱ ጎን እንዲቆም ይደረጋል፤ የሚመጣው ሁሉ ትከሻውን እየያዘ አይዞህ፣ አንተ ወንድ ነህ፣ እናትህን የምታጽናና አንተ ነህ ይለዋል፤ እርሱን የሚያጽናናው ማን እንደ ሆነ ግን የሚናገር የለም። ሴቷ ልጅማ ለማልቀስ እንኳ ፋታ አታገኝም፤ ንፍሮውን ለለቀስተኛ ስታዞር፣ ጎረቤት ያመጣውን እዝን ስትቀበል ይመሻል። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ደግሞ የአልቃሽ ነገር ነው። አልቃሽ የሟቹን ጀግንነትና ቸርነት በሙሾ ከዘረዘረች በኋላ፣ ለቅሶው እየቀዘቀዘ መሆኑን ስታይ፣ ወደ ልጆቹ ዞራ ለማን ተዋቸው እያለች ስማቸውን ትጠራለች፤ ሕዝቡም እንደ ገና ያነባል። ልጁ እዚያ የተገኘው ሌላው እንዲያለቅስበት ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን ለሙት ልጅ ግድ አልነበራቸውም የሚል ሰው እጅግ ይሳሳታል። ለእጓለ ማውታ የሠሩለት ሥርዐት ብዙ ነው፤ ብቻ ሁሉም የእንጀራና የመጠለያ ሥርዐት ነው። ፍትሐ ነገሥት የሙት ልጅ ሀብት በሞግዚት እንዲጠበቅ ይደነግግ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሞግዚትንና አሳዳሪን ለይቶ ተግባራቸውን በሰፊው ዘርዝሮ ነበር። ከሕጉ ውጭም የክርስትና አባት አለ፤ የጡት ልጅ አድርጎ መቀበል አለ፤ ከዚህ ሁሉ የቀረውም ልጅ ቢሆን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ፊደልና ዳዊት የሚማርበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበረው። ስንቱ የቅኔ መምህርና ስንቱ መሪጌታ በዚህ መንገድ ያለፈ የሙት ልጅ እንደ ነበር ማን ቈጥሮ ይጨርሰዋል!

ይኸው አሳብ በቤተ መንግሥትም እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በተሳለሙ ጊዜ፣ በአርመን ገዳም ውስጥ የሚያድጉ፣ ወላጆቻቸው በኦቶማን መንግሥት ዘመን በተፈጸመው እልቂት ያለቁባቸው ልጆች የናስ መለከት ሲነፉ ሰምተው ልባቸው ተነካ፤ ከፓትርያርኩም ጋር ተነጋግረው ዐርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ዐርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ሠራ፤ ዮፍታሔ ንጉሤም ግጥሙን ጻፈ፤ በ1923 ዓ.ም. በተፈሪ የዘውድ በዓል ላይም ተሰማ። የሀገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ያለ እነዚህ ልጆች አይጻፍም። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቊጥር የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ደመወዛቸው፣ ስለ ልብሳቸውና ስለ መለከታቸው የተጻፈ ሲገኝ፣ ያዩትን ያን ሁሉ ሞት በአዲስ አበባ ለማን እንደ ተናገሩት የሚገልጽ አላጋጠመኝም። መለከቱ ራሱ አንደበት ሆኗቸው ይሆናል የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

ዕድር በከተማ ከተስፋፋ ወዲህ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና የቀብር ወጪው በማኅበር ተያዘ፤ መርዶ ማርዳትም የዕድር ዳኞች ሥራ እየሆነ መጣ። የሙት ልጅ ጉዳይ ግን በመዝገባቸው አልገባም ነበር፤ አባሉ የሞተው ወላጅ ነውና ገንዘቡ ተቈጥሮ ከተሰጠ፣ ድንኳኑም ከተነቀለ ሒሳቡ ተዘጋ።

በዚህ መካከል ወይዘሮ አበበች ጎበና ይነሣሉ። እርሳቸው ራሳቸው ገና ጨቅላ ሳሉ አባታቸውን በጣልያን ጦርነት ያጡ፣ በአያቶቻቸው እጅ ያደጉ ናቸው። በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ግሸን ማርያምን ተሳልመው ሲመለሱ፣ በወሎ ረኃብ ከሞተች እናቷ ጎን የተኛች ሕፃን አግኝተው ከሌላ ልጅ ጋር ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ከዚያ የተወለደው ማኅበር፣ እርሳቸው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስና ከዚያም ወዲህ የሠራው ሥራ በሀገር የታወቀ ነው።

የኤች አይ ቪ ዘመን ሲመጣ ሥርዐቱ ሁሉ ተናጋ። ወላጆች በየተራ ያልፋሉ፤ የሞታቸው ምክንያት ይደበቃል፤ ልጁ መሞታቸውን ብቻ ሳይሆን በምን እንደ ሞቱም የማይጠይቅ ሆነ። ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የሙት ልጆችን መርዳት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህም በዕድር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የሰጡት ግን እንደ ቀድሞው ደብተር፣ የደንብ ልብስና እህል ነበር።

ያዘነ ልጅ ስለ ኀዘኑ የሚናገርበት ቤት በሌላው ዓለምም ቢሆን ዕድሜው ረጅም አይደለም። በአሜሪካ በአንጎል ዕጢ ታሞ የነበረ አንድ ልጅ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት ለልጆች የሚነግራቸው ለምን እንደ ጠፋ ለታወቁት ሐኪም ለኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ ጽፎ ነበር፤ እርሱ ካረፈ በኋላ ቤቨርሊ ቻፔል የተባሉ ሴት በ1982 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ በስሙ ዳጊ የተባለውን ማእከል መሠረቱ። በዚያ ልጆች በየዕድሜያቸው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ይጫወታል፤ አሳዳጊዎቻቸውም በዚያው ሰዓት በሌላ ክፍል ይሰበሰባሉ።

ከዚህ ይልቅ ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳ ሴቶች የሠሩት ነው። በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች ለልጆቻቸው የትዝታ መጽሐፍ መጻፍ ጀመሩ፤ ልማዱም ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተሻገረ። በመጽሐፉ የአያት የቅድመ አያት ስም፣ የትውልድ መንደር፣ ልጁ የተወለደበት ሌሊት፣ መጀመሪያ የተናገረው ቃል፣ የእናቲቱ ሕመምና ከእርሷ በኋላ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ይጻፋል። እናቲቱም ገና በሕይወት ሳለች፣ በቀን ብርሃን፣ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ታነብለታለች፤ ልጁም የፈለገውን ይጠይቃታል።