ከካርቱም የዘመቱት አርበኞች ያልተጻፈ ሜዳይ፦ የአገልግሎት መዝገብ እንዴት ይታረማል?

ከካርቱም መሐል ከተማ በስተምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኘው ቡሪ ከጥንትም የወታደር ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሰፈር ነው። የማህዲ ተዋጊዎች እ.አ.አ. በ1884 ካርቱምን በከበቡ ጊዜ የከተማዋ የመከላከያ መስመር በምሥራቅ በኩል የሚያበቃው በቡሪ ምሽግ ነበር። ዛሬም የሱዳን ጦር ጠቅላይ ማዘዣ ለሰፈሩ ቅርብ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በጦሩና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ውጊያው ከመጀመሪያው ዕለት ወደ ቡሪ ደጅ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ልጁን ያነሣል፣ ስንቁን ይይዛል። በሣጥን ግርጌ የተቀመጠው የአባት ወይም የአያት የውትድርና ወረቀት ትዝ የሚለው ብዙ ጊዜ ከራቀ በኋላ ነው። በዚህ ጦርነት የጠፋው የቤተሰብ ሰነድ ብቻም አይደለም፤ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ኡመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ግንቦት 2015 ዓ.ም. በእሳት ወድሟል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ ነጻ የወጣችበት ዘመቻ አንዱ ክንፍ የተደራጀው ካርቱም ውስጥ ነበርና። በዚያ ዘመቻ የተሰለፈ አባት ወይም አያት ያለው ቤተሰብ፣ የተሰጠው ወይም ሊሰጠው ይገባ የነበረው ሜዳይ በስሙ ሳይመዘገብ ቢያገኘው ምን ማድረግ ይችላል? አጭሩ መልስ፦ መዝገብ ሊታረም ይችላል፤ የሚታረመው ግን በዘመኑ በተጻፈ ወረቀት እንጂ በቤተሰብ ትዝታ አይደለም።

ካርቱም፣ ሶባ፣ ኦሜድላ

ጣልያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በብሪታኒያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ክረምት ከእንግሊዝ በግብፅ በኩል ካርቱም ገቡ። ከቡሪ ጥቁር ዓባይን ወደ ላይ ሲከተሉ በሚገኘው ሶባ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጦር ትምህርት ተሰጣቸው። ኋላ በኦጋዴን ውጊያ ስማቸው የገነነው ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ከዚህ የካርቱም ትውልድ የወጡ ናቸው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። (ኦሜድላን ብዙ ሰው የሚያውቀው በፖሊስ የስፖርት ክለብ ስም ነው።) በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል 800 ያህል የሱዳን መከላከያ ኃይል ወታደሮች፣ 800 ያህል በከፊል የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን መደበኛ ወታደሮችና 70 ያህል ብሪታኒያውያን መኮንኖችና የበታች ሹማምንት ነበሩት። ይህ ትንሽ ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የጣልያን ጦር ከቡሬ፣ ቀጥሎም ከደብረ ማርቆስ አስለቀቀ። ግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር አጅባር ላይ እጅ ሰጠ።

ከዚያ ድል በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የጌዴዎን ኃይል ፈርሶ ዊንጌት ከአዛዥነታቸው ተነሡ፤ ማዕረጋቸውም ወደ ሻለቃነት ዝቅ አለ። አብረዋቸው ለተዋጉት ሰዎች ያቀረቡት የሽልማት ጥያቄ ችላ ተባለ። ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ለማስከፈል ያደረጉት ጥረትም እንቅፋት ገጠመው። ዊንጌት ካይሮ ሄደው አለቆቻቸውን ክፉኛ የሚተች ዘገባ ጻፉ። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው ትምህርት ቤት ተሰይሟል፤ ሽልማት የጠየቁላቸው ተራ ወታደሮች ግን እንዲህ ያለ መታሰቢያ አላገኙም። ስለዚህ የዛሬው የቤተሰብ ጥያቄ አዲስ ቅሬታ አይደለም፤ ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሡት የጦሩ አዛዥ ራሳቸው ናቸው።

በኢትዮጵያ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ ከድሉ በኋላ በዱር በገደል ለታገሉት የአርበኝነት ሜዳይ፣ በስደት ለቆዩት የስደት ሜዳይ፣ ከዚህም ሌላ የድል ኮከብ ሜዳይ ሰጥተዋል። በዘመኑ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ላይ "የአርበኝነት ሜዳይ ባለ አምስት ዘንባባ" የሚል ይነበባል። ዘንባባው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው በትግሉ የቆየበትን ዓመት ይቆጥራል። አንድ ዘንባባ ጎደለ ማለት ከሕይወቱ አንድ የመከራ ዓመት ከመዝገብ ጠፋ ማለት ነው። አርበኛው፣ ስደተኛውና ለጣልያን አድሮ የነበረው በሹመትና በሽልማት ላይ የነበራቸው መጎሻሸም ከድል ማግሥት ፖለቲካ ዋነኛ ቁስሎች አንዱ እንደነበር አይዘነጋም።

ስምና ዘመን ሲሳሳት

ሜዳይ ከመዝገብ የሚጎድለው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ስሕተቱ የጸሐፊ ነው። የኢትዮጵያውያን ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የውጭ ጸሐፊ ግን ይፈልግለታል። ወልደ ጊዮርጊስ የተባለ ሰው አንዴ በ"ወልደ"፣ አንዴ በ"ጊዮርጊስ" ይመዘገባል። ግራዝማች ወይም ፊታውራሪ የሚለው ማዕረግ የሰውየው የመጀመሪያ ስም መስሎ ይገባል። አርበኛው በፈረስ ስሙ ብቻ ታውቆ ከሆነ ፍለጋው ይብሳል። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው፦ የካርቱሙ ቡሪና የጎጃሙ ቡሬ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ለመምታታት የቀረቡ ናቸው፤ አንዱ ከጦር ግንባር ብዙ ርቆ የሚገኝ ሰፈር፣ ሌላው የውጊያ ሜዳ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ወጥመድ ነው። "አባቴ በ1933 ዘምቷል" ብሎ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገልጽ የሚያመለክት ሰው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲነበብ አባቱ ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያን ከመውረሯ ሁለት ዓመት በፊት ዘመተ ማለቱ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን አይቶ ማመልከቻውን ወደ ጎን ቢያደርገው አይፈረድበትም። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ቀላል ጥንቃቄ ነው፤ ብዙ ወራት ያድናል።

ሌላው ምክንያት ሽልማቱ ራሱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። የስንብት ወረቀት የሚዘጋው ወታደሩ በተሰናበተበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ለክፍሉ በጠቅላላ የተሰጠ ሽልማት በግለሰቡ ወረቀት ላይ አይገኝም። በኮሪያ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈው የቃኘው ሻለቃ የአሜሪካን የፕሬዚዳንት የክፍል ምስጋና አግኝቷል። እንዲህ ያለው ክብር በውጊያው ለነበረ ለእያንዳንዱ ወታደር የሚተርፍ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይም ለኢትዮጵያውያኑ በአማርኛ ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር። ይሁንና ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ኢትዮጵያ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስትሆን፣ ከዘማቾቹ ብዙዎች ሜዳያቸውን ደበቁ፤ ያጠፉትም አሉ።

ወረቀቱ የት ይፈለጋል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውየው በማን መዝገብ ሥር እንደነበረ መለየት ነው። ከካርቱም የዘመቱት ሁሉ የአንድ ጦር አባል አልነበሩም። የሱዳን መከላከያ ኃይል እ.አ.አ. በ1925 የተቋቋመና በሱዳን መንግሥት ሥር የነበረ ጦር ነው፤ ከነጻነት በኋላ የሱዳን ጦር የሆነውም እርሱ ነው። በዚህ ምክንያት የአባላቱን የግል ማህደር በብሪታኒያ ጦር መዛግብት ውስጥ መፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ይመልሳል። በአለቃው ሥር ሆኖ የተዋጋ የጎጃም አርበኛ ደግሞ ምናልባት ከመነሻውም መለያ ቁጥር አልነበረውም።

ካርቱም ውስጥ ያለው ወረቀት ቢጠፋ እንኳ ቅጂው ወይም ወንድሙ የሆነ ሰነድ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። በእንግሊዝ የዱራም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን መዛግብት ክምችት እ.አ.አ. በ1957 የተመሠረተ ሲሆን፣ በሱዳን ያገለገሉ ሹማምንትና መኮንኖች የግል ወረቀቶች ይገኙበታል። ለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅ ዕዝ ሥር የነበሩ ክፍሎች ዕለታዊ የጦር መዝገብ በ"ደብልዩ ኦ 169"፣ የሽልማት ጥቆማዎች ደግሞ በ"ደብልዩ ኦ 373" መለያ ተቀምጠዋል። የብሪታኒያ መከላከያ ሚኒስቴር ይዞት የነበረውን ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ የአገልግሎት ማህደር ከ2022 እ.አ.አ. ጀምሮ ወደዚሁ ቤተ መዛግብት ማዛወር ጀምሯል።

የብሪታኒያን የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሜዳዮች በተመለከተ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሜዳዮቹ ለተሰናበተ ወታደር በራሳቸው አይመጡም ነበር፤ ማመልከት ነበረበት። ያላመለከተው አልተቀበለም። በሌላ በኩል ለብሪታኒያ ጦር የተሰጡት የባለቤቱ ስም አልተቀረጸባቸውም። በገበያ የተገኘ የአፍሪካ ኮከብ፣ ማለትም በሰሜን አፍሪካ እንዲሁም በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሌላንድ ላገለገሉ የተሰጠው ሜዳይ፣ ስለ ማንም ምንም አይመሰክርም። ምስክሩ መዝገቡ ብቻ ነው። የዘመቻ ሜዳዩን ሳይወስድ የቀረ የብሪታኒያ ጦር አባል ወይም ሕጋዊ ወራሹ ዛሬም ለመከላከያ ሚኒስቴሩ የሜዳይ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰጥ ሜዳይ ክፍያ የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፍለጋው የሚጀመረው በተለምዶ ወመዘክር ከሚባለውና በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርም ቤተሰቦችን ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ለማገናኘት መነሻ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መንገዳቸው ይበልጥ የተጠረገ ነው። የስንብት ወረቀቱ "ዲዲ 214" ይባላል፤ የተረሳ ሜዳይ ሲጨመር ማረሚያው "ዲዲ 215" ሆኖ ይወጣል። ቀላል ስሕተት ከሆነ በሴንት ሉዊስ ለሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል በሚቀርብ ጥያቄ ሊፈታ ይችላል። ካልሆነ "ዲዲ 149" በተባለው ቅጽ ለወታደራዊ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ይመለከታል። ገደቡ ስሕተቱ ከታወቀ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፤ ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያነሣው ይችላል። ማዕከሉ የቅርብ ዘመድ የሚላቸው ያላገባች ወይም ያላገባ የትዳር ጓደኛን፣ ወላጅን፣ ልጅን፣ ወንድምንና እኅትን ነው። የልጅ ልጅ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ከስንብቱ 62 ዓመት ያለፈው ማህደር ግን ለማንም ክፍት ነው።

ያ ማዕከልም የራሱ "ካርቱም" አለው። ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. የተነሣ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ ማህደሮችን አጥፍቷል፤ እ.አ.አ. ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት የ80 በመቶው ማህደር የለም። ባለሙያዎቹ የአንድን ወታደር አገልግሎት ዛሬ መልሰው የሚገጣጥሙት ከደመወዝ መዝገብ፣ ከሆስፒታል ካርድና ከክፍሉ የጠዋት ሪፖርት ነው። ከሱዳን የወጡ ቤተሰቦችም ሊከተሉት የሚገባ ዘዴ ይኸው ነው። "ሜዳዩ የት አለ?" ከማለት ይልቅ "በዚያ ወር ስሙን ማን ጻፈው?" ብሎ መጠየቅ ሩቅ ያደርሳል። ደመወዝ የከፈለ፣ ቁስል ያከመ፣ ፈቃድ የሰጠ፣ ጠመንጃ ያስረከበ ሁሉ ይጽፋል።

የማይታረመው

የዘመቻ ሜዳይና የጀብዱ ሜዳይ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በዚያ ቦታ፣ በዚያ ጊዜ መገኘትን ይጠይቃል፤ ይህ በሰነድ ከተረጋገጠ ዘመን አያግደውም። ሁለተኛው ግን አዛዥ አይቶ በጊዜው የጻፈውን ጥቆማ ይጠይቃል። በብሪታኒያ አሠራር ከድርጊቱ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ እንዲህ ያለ ሽልማት በመርህ ደረጃ አይሰጥም።

አሜሪካ በዚህ ረገድ በሯን ጥቂት ከፍታለች። በሁለተኛው ዓለም ጦርነት አንድም ጥቁር ወታደር የአገሪቱን ከፍተኛ የጀብዱ ሜዳይ ሳያገኝ ቀርቶ፣ ጦሩ ባስጠናው ጥናት መሠረት ጥር 5 ቀን 1989 ዓ.ም. ለሰባት ሰዎች ተሰጠ። ያን ቀን በሕይወት የነበሩት ቬርኖን ቤከር ብቻ ናቸው። ይህ የተቻለው ሰባቱም ቀድሞ ዝቅ ያለ ሜዳይ አግኝተው ስለነበር፣ የፈጸሙት ነገር በጽሑፍ ተቀምጦ በመገኘቱ ነው።

የጌዴዎን ኃይል ሰዎች ጉዳይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በኪው የሚገኘው "ደብልዩ ኦ 373" በአብዛኛው የያዘው ተቀባይነት ያገኙትን ጥቆማዎች ነው፤ ውድቅ የተደረጉት ግን አብዛኞቹ አልተጠበቁም። ለእነዚያ ሰዎች ቤተሰቦች የሚቀረው መንገድ የመኮንኖቹን የግል ወረቀትና የክፍሎቹን ዕለታዊ መዝገብ መፈተሽ ነው። እዚያ ስም ከተገኘ፣ የጀብዱ ሜዳይ ባይመጣም፣ ሰውየው በዘመቻው ላይ እንደነበረ የሚያስረዳ በቀን የተጻፈ ገጽ ቅጂው በእጅ ይገባል።